መስታወት አልባ ካሜራ፦ የትኛው መስታወት?

ጥር ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አንድ ወጣት መጣ። ለወንድሙ ሠርግ ፎቶ አንሺ ሊያስይዝ ነው። ቀኑንም ቦታውንም ሳይናገር በፊት፣ «ጋሼ፣ ካሜራችሁ ሚረርለስ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጠጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ካነን ካሜራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ፊቱ አስቀመጡለትና፣ «አይደለም የኔ ልጅ፣ ይሄ መስታወት አለው» አሉት። ወጣቱ ወደ ሌንሱ እያመለከተ፣ «መስታወትማ ሁሉም አለው አይደል እንዴ?» አለ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ መስታወቶች ነበር። እሳቸው የሚሉት በካሜራው ሆድ ውስጥ የተደበቀውን ነው፤ ልጁ የሚያየው ከፊት የተገጠመውን ነው። «ሚረርለስ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ የሚገጥመን ችግርም ይኸው ነው።

«ሚረርለስ» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሲሆን መስታወት የሌለው ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ስያሜ የተጠረገ መንገድ አለው፦ ሽቦ አልባ ስልክ ብለናል፣ ሰው አልባ አውሮፕላን ብለናል። መስታወት አልባ ካሜራ ብንልም ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። የሚያስቸግረው «አልባ» ሳይሆን «መስታወት» ነው። ልጅ ኳስ ለግቶ የጎረቤት መስኮት ሲመታ «መስታወት ሰበረ» እንላለን፤ ሙሽራ ስትኳል ደግሞ «መስታወት ፊት ናት» እንላለን። አንዱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሌላው ብርሃን ይመልሳል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ሌንስ ከሚያሳልፈው ወገን ስለሆነ፣ «መስታወት አልባ ካሜራ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሌንስ የሌለው ካሜራ ቢመስለው አይፈረድበትም። በፎቶግራፍ ታሪክማ መስታወት ሦስተኛ ሥራም ነበረው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ በሚያነሳበት ዘመን፣ በዓለም ዙሪያ የፎቶ አንሺዎች ምስል የሚያርፈው በአብዛኛው በመስታወት ሳህን ላይ ነበር።

ግዕዝ ለሚመልሰው መስታወት የራሱ ቃል ነበረው፤ «መጽሔት» ይለዋል። አማርኛ ግን ይህን ቃል ወስዶ በየወሩ ለሚታተመው ንባብ ሰጠው፤ አሁን ብንመልሰው የሚረዳን አይኖርም። ሾፌሮችም ከጣሊያንኛ ያገኙት «ስፖኪዮ» አላቸው። በትርጉም ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነበር፤ ከመኪና ጋር እንዲህ ባይጣበቅ ኖሮ። «ነጸብራቅ አልባ» የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። አልወደድኩትም፤ ስለማያብለጨልጭ ነገር የሚያወራ ይመስላል።

እኔ የምመርጠው «መስታወት አልባ ካሜራ» ነው፤ ብቻውን ግን አይሁን፣ ከጓደኛው ጋር ይሁን። የቀድሞውን ካሜራ «ባለመስታወት ካሜራ» እንበለው። እስካሁን ዲኤስኤልአር ከሚለው የፊደላት ድርድር ሌላ የአማርኛ ስም አልነበረውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አድማጭ «ሌንስማ ሁለቱም አላቸው፤ ታዲያ አንዱ ያለው ሌላው የሌለው የቱ መስታወት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነው።

መልሱ ይህ ነው። በባለመስታወቱ ካሜራ ከሌንሱ ኋላ፣ ከምስል መቀበያው ከሴንሰሩ ፊት፣ በ45 ዲግሪ የተጋደመ ትንሽ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን እሱን መትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በካሜራው ጉብታ ውስጥ ባለው፣ ፔንታፕሪዝም በሚባለው ባለብዙ ገጽ ብርጭቆ ተጣጥፎ ተቃንቶ፣ ፎቶ አንሺው ዓይኑን ወደሚያስጠጋበት ቪውፋይንደር ይደርሳል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ራሱን፣ እውነተኛውን ብርሃን ነው። ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሴንሰሩን የሚከልለው መጋረጃ፣ ሸተሩ፣ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ መስታወቱ ተመልሶ ይተኛል። በየሠርጉ የምንሰማው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከሸተሩ ብቻ አይመጣም፤ የዚህ መስታወት መነሳትና መውደቅም አለበት። መስታወቱ በተነሳባት ቅጽበት ደግሞ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል። በባለመስታወት ካሜራ ያነሳ ሰው ሁሉ ያችን ያስቀራትን ቅጽበት በዓይኑ አላያትም ማለት ነው። ከእሷ በፊት ያለውን አይቷል፣ ከእሷ በኋላ ያለውን አይቷል፤ እሷን የሚያገኛት በፎቶው ላይ ነው።

መስታወት አልባው ይህን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ሴንሰሩ ያየውን ወደ ኋላው ስክሪን ወይም በቪውፋይንደሩ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ስክሪን ይልካል። እንዲህ ከሆነ የእጅ ስልካችን ካሜራም መስታወት የለውም፤ የጥንቱ የእንጨት ሳጥን ካሜራም አልነበረውም። ስያሜው ግን እነሱን አይመለከትም። መስታወት አልባ የሚባለው ሌንሱ የሚቀያየር፣ በባለመስታወቱ ቦታ የገባ ዲጂታል ካሜራ ነው። ስሙ የተሰጠው ከተካው ዕቃ አንጻር ነው።

ባለመስታወቱ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተሠራው የጀርመኑ ኪኔ ኤግዛክታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ኒከን ኤፍ በ1959 መጥቶ የጋዜጠኛው መሣሪያ ሆነ፤ ኒከን ዲ1 በ1999 ወደ ዲጂታል አሻገረው። መስታወት አልባው በዛሬ መልኩ የጀመረው በ2008 በፓናሶኒክ ጂ1 ነው። ሶኒ በ2013 የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል ስፋት ያለውን ትልቁን ሴንሰር በኤ7 ውስጥ ሲያስገባ ነገሩ የምር ሆነ፤ በ2018 ካነንም ኒከንም በዚሁ መጠን ሴንሰር ተከተሉ።

ይህ ለኮልፌ ሠርግ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳይ፦ በነጠላ። የሙሽራዋ እናት በቀትር ፀሐይ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል እንበል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የማምጣት ጠባይ አለው። ፍሬሙን የሞላው ነጭ ጨርቅ ሲሆንበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የእናትየው ጠይም ፊት ይጨልማል፤ ዓይናቸው ይጠፋል። በባለመስታወቱ ቪውፋይንደር ይህ ስህተት አይታይም፤ እዚያ የሚታየው የተፈጥሮው ብርሃን እንጂ ሊወጣ ያለው ፎቶ አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ግን ያውቀዋል፤ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን አንድ ደረጃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጋል። ይህን የተማረው አበላሽቶ ነው፤ በፊልም ዘመን ደግሞ ያበላሸውን የሚያየው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነበር። በመስታወት አልባው ግን ትንሿ ስክሪን ሊወጣ ያለውን ፎቶ ቀድማ ታሳያለች። የእናትየው ፊት ሲጨልም ይታያል፤ የብርሃን ማስተካከያዋን ጎማ በአውራ ጣት ሲያዞሯት ፊታቸው ይበራል፤ ከዚያ ፎቶው ይነሳል። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም ብዬ አምናለሁ። እናት በልጇ ሠርግ ፊቷ ጠፍቶ መቅረት የለባትም።

ሌላም አለ። አዲሱ ካሜራ ዓይን ፈልጎ ፎከሱን እዚያ ላይ ያስራል፤ እስክስታ የያዘች ሙሽራን ለሚከተል ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ድምፅ አልባ ሸተርም አለው። በተክሊል ሥርዓት፣ ካህናቱ ሲጸልዩ፣ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ካሜራ ይዞ መጠጋት ያሳፍራል። በአንዳንድ የፍሎረሰንትና የኤልኢዲ መብራቶች ሥር ግን ድምፅ አልባው ሸተር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣልና አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

ታዲያ አሮጌው ጊዜ አልፎበታል? እዚህ ላይ አማርኛችን ሁለት ነገር ለይቶ ማየት አለበት። ከፋብሪካ መውጣት አለ፣ ከእጅ መውጣት አለ። ከፋብሪካ በኩል ጉዳዩ ያለቀ ያህል ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 ባለመስታወቶቹን መሸጥ አቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የካነን ኃላፊ በ2020 የወጣው ዋን ዲ ኤክስ ማርክ 3 የባለመስታወቶቻቸው የመጨረሻ ቁንጮ እንደሚሆን ተናገሩ። በመስታወት እጸናለሁ ያለው ፔንታክስ ነው። ከ2020 ጀምሮ በቁጥርም መስታወት አልባው በልጧል። የሁለቱ ፉክክር ግን የሚካሄደው በጠበበ ሜዳ ላይ ነው፦ የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር አባላት በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2023 ግን 8 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ያን ሁሉ የበላው ስልክ ነው።

ከእጅ መውጣቱ ግን ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሌንሶቹን፣ ፍላሹን፣ ባትሪውን አሟልቶ በያዘው ካነን ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው፣ ያለምንም እንከን የሚሠራ ካሜራውን «ጊዜው አለፈ» ተብሎ እንዲጥል መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ባትሪውም አለ። በአምራቾቹ መለኪያ ኒከን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶ ያነሳል፤ በተመሳሳይ ባትሪ የሚሠራው መስታወት አልባው ዜድ 7 ግን 330። መለኪያው ጥብቅ ስለሆነ በተግባር ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም፤ ስክሪኗ ሁልጊዜ መብራት አለባት። ከሙሽራዋ ቤት ማለዳ ተጀምሮ ማታ በሚያልቅ ሠርግ፣ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰፈር፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አቧራም አለ። መስታወት አልባው ሌንሱ ሲፈታ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ገላጣ ይቀራል፤ በባለመስታወቱ ግን መስታወቱና የተዘጋው ሸተር ይከልሉታል። በበጋ አቧራ ደጅ ቆሞ ሌንስ የቀየረ ሰው ይህን ይረዳዋል።

እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ግን ብዙ ያልተወራለት ነገር ነው። መስታወቱ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ። በካነን ባለመስታወት ከሌንሱ ማሰሪያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመስታወት አልባው 20። የተረፈውን 24 ሚሊ ሜትር በቀለበት መሙላት ይቻላል። አዳፕተር የሚባለው ይኸው ነው፤ በመስታወቱ ቦታ የገባ ባዶ ቱቦ። በእሱ የድሮው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። በሶቪየት ዘመን ከተሠራ ዜኒት ጋር የመጣ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ ሄሊዮስ ሌንስ ያለው ሰው አውጥቶ ይወልውለው። ፎከሱን በእጁ ማዞር ይኖርበታል እንጂ፣ ለገዛ ካሜራው ፊልም ያጣው ሌንስ በመስታወት አልባው እንደገና ያያል። አዲሱ የአሮጌውን አካል ቢያስቀምጥም ዓይኑን አላጠፋም።

ፎቶ ቤቶቹን የሚያሳስባቸው ደግሞ ይህ ሁሉ አይደለም፤ የጉርድ ፎቶ ሥራ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ ፎቶው እዚያው ምዝገባው ላይ ይነሳል፤ ፓስፖርትም እንዲሁ። የጉርድ ፎቶ ወረፋ እየሳሳ የሄደው በመስታወት ምክንያት አይደለም።

ወደ አጠና ተራው ልመለስ። ባለቤቱ ያለፈውን ዓመት አልበም ዘርግተው ለወጣቱ አሳዩት። ልጁ ገጽ በገጽ አየ፤ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ፣ «ለተክሊሉ ግን ድምፅ እንዳይኖረው ፈልጌ ነው» አለ። «ለእሱ እከራያለሁ» አሉት። የሁለቱን ስም ልዩነት ሳብራራላቸው ሰምተው ነበርና፣ ቀብዱን ተቀብለው ደረሰኙን ሲሞሉ እስክሪብቷቸውን ያዝ አድርገው፣ «የኔን ምን ነበር ያልከው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ተክሊል በሚረርለስ፤ ቀሪው በባለመስታወት።»