«ከምአ» እንጉዳይ ነውን?

ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ከምአ ከመን ወገን እንደሆነ፣ ውሃውም ለዓይን ፈውስ እንደሆነ ያስተምራል። ቃሉን በደርስ ላይ «እንጉዳይ» ብለን ብንተረጉመው፣ ሰሚው በደጃፉ የሚበቅለውን ሁሉ፣ መርዘኛውን ጭምር፣ ሊያስብ ይችላል። ከምአ ግን በዐረብ በረሃ ከዝናብ በኋላ አሸዋ ውስጥ የሚያድግ፣ ግንድም ቅጠልም የሌለው፣ ድንች መሰል ምግብ ነው። ዐረቦች «የነጎድጓድ ልጅ» ይሉታል። የቀደሙት ከዕፀዋት ቆጥረውታል፤ የዛሬዎቹ ከፈንገስ ይመድቡታል።

ኢብኑል ቀይም (በ1350 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በ«ዛዱል መዓድ» ለሆድ ከባድ መሆኑን ገልጸው፣ በእርጥብ ጭቃ ተቀብሮ፣ ከዚያም በውሃ፣ በጨውና የጦስኝ ዘመድ በሆነው ሰዕተር ተቀቅሎ፣ በዘይትና በሚያሞቅ ቅመም እንዲበላ ይመክራሉ። (ባለሙያ ወጥ ሠሪም ከዚህ የተሻለ አይናገርም።)

በዓይን ሕክምናው ግን ሊቃውንቱ ተለያይተዋል። ከኩል ጋር ይቀላቀል ያሉ አሉ፤ በእሳት ከተጠበሰ በኋላ ውሃው ይጨመቅ ያሉም አሉ። ነወዊ (በ1277 እ.ኤ.አ. ያረፉት) ያልተቀላቀለውን መርጠው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ የነበረ አንድ የዘመናቸው ሸይኽ በሐዲሱ አምነው ተኩለውት ብርሃናቸው እንደተመለሰ ይመሰክራሉ። ምስክርነቱን እንቀበላለን። ሆኖም ሊቃውንቱ ራሳቸው በአጠቃቀሙ የተለያዩበትን ነገር፣ ያውም በተሳሳተ ስም፣ ዓይኑን ለታመመ ሰው ከሚንበር ላይ ማዘዝ አይገባንም። በደርሳችን «ከምአ»ን እንዳለ ትተን ምንነቱን እናስረዳለን።