የትንኟ ዕድሜና የወባ ሒሳብ

የደጋ ገበሬ ቆላ ወርዶ ሲያርስ ውሎ ማታ ወደ ደጋው ተመልሶ ማደርን የመረጠው ቀመር አስልቶ አይደለም። ቆላ ያደረ ሰው ንዳድ ይዞት እንደሚመለስ ከአባቶቹ ሰምቶ፣ ራሱም አይቶ ነው። ዕውቀቱ ትክክል ነው። ለምን ትክክል እንደሆነ በቁጥር ያሳየን ግን የአየርን ሙቀትና የትንኝን ሥነ ሕይወት በአንድ ያገናኘው ሒሳባዊ ሞዴል ነው።

ሴቷ ትንኝ የታማሚን ደም ስለመጠጠች ብቻ በዚያው ቀን በሽታ አታስተላልፍም። ጥገኛ ተሕዋሱ በሆዷ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ ዝርያ የቀኖቹን ቁጥር ለመገመት 111ን ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ላለው ሙቀት ማካፈል ይበቃል፤ በ25 ዲግሪ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ ደግሞ 55 ቀን ያህል ነው። አሁን በየቀኑ ከአሥር ትንኞች አንዷ ትሞታለች እንበል። ተሕዋሱን ከያዙ መቶ ትንኞች ውስጥ በ25 ዲግሪ 28ቱ በሽታውን ለማስተላለፍ ይደርሳሉ፤ በ20 ዲግሪ አምስቱ ብቻ። በ18 ዲግሪ ከሺህ ሦስቱ እንኳ ቢተርፉ ነው። ደጋውን የጠበቀው የትንኝ አለመኖር ብቻ አልነበረም፤ ትንኟ ተሕዋሱ ሳይበስል ቀድማ መሞቷም ነበር።

ይህን መንገድ የከፈተው ሮናልድ ሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ አገር ሴከንደራባድ ውስጥ ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘ፤ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ያን ጊዜ የገጠመው ሙግት ጠንካራ ነበር፦ ትንኝን በሙሉ መጨረስ ስለማይቻል ድካሙ ከንቱ ነው ተባለ። ሮስ የመለሰው በእኩልታ ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው የትንኞች ብዛት ከአንድ የተወሰነ ወለል በታች ከወረደ፣ ትንኞች እያሉም ወባ በራሷ ትከስማለች። እኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህን ሐሳቡን አስበልጣለሁ፤ የማይቻል የሚመስለውን ሥራ ልክ ያለው ሥራ አድርጎታልና።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ የሮስን ቀመር አንስቶ የትኛው ቁጥር ይበልጥ እንደሚከብድ ጠየቀ። የትንኞቹ ብዛት በግማሽ ቢቀንስ ሥርጭቱም በግማሽ ነው የሚቀንሰው። የየዕለቱ የመትረፍ ዕድላቸው ከ90 በመቶ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ግን ሌላ ነገር ይታያል። በ25 ዲግሪ 12 ቀን የሚሻገሩት ከመቶ 28 የነበሩት 7 ይሆናሉ፤ የተሻገሩትም ቀሪ ዕድሜ ከ9 ቀን ተኩል ወደ 4 ቀን ተኩል ያጥራል። ሁለቱ ሲባዙ ሥርጭቱ ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 በጀመረው የማጥፋት ዘመቻ የቤት ግድግዳ በዲዲቲ መረጨቱ ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል፤ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ የምታርፈው ትንኝ ሳታረጅ ትሞታለች።

ነገር ግን ቀመሩ የሚያውቀው ያስገባንለትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ ወባ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,150 ሜትር ወጣች። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የሙቀቱን ድርሻ ከላይ ያለው ስሌት ያስረዳናል። የሞቱን ብዛት ግን ሕዝቡ ለበሽታው የተለማመደ የመከላከል አቅም እንዳልነበረው ካላስገባን አንረዳውም፤ የማክዶናልድ ሞዴል ደግሞ ለዚህ በቂ ቦታ አልነበረውም። በናይጄሪያ የጋርኪ ጥናት በ1970ዎቹ የተሠራው ሞዴል ነው ይህን ክፍተት መሙላት የጀመረው።

ዛሬ ሌላ ክፍተት አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር ተገኘች። የምትራባው በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ዝናብ አትጠብቅም፤ በ2022 ድሬዳዋ በበጋ ወባ ሲቀሰቀስ በከተማዋ የነበረችው እሷ ናት። የወባን ወቅት ከክረምት ጋር ብቻ ያሰረ ሞዴል ለድሬዳዋ አይሠራም።

የጎደለን ቀመር አይደለም፤ ልኬት ነው። የየዕለቱን የመትረፍ ዕድል መለካት ይቻላል፤ ትንኟ እንቁላል ጥላ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይታወቃል፦ ገና ባልጣለችው የእንቁላል ዕጢ ላይ ያሉት የአየር ቱቦ ጫፎች እንደ ክር ተጠቅልለዋል፣ በጣለችው ላይ ተፍታተዋል። ከመቶ ትንኞች 73ቱ የጣሉ ቢሆኑ፣ ደም ጠጥቶ እንቁላል እስከመጣልም 3 ቀን ቢፈጅ፣ የ0.73 ሣልሳዊ ሥር 0.9 ነው፤ የየዕለቱ የመትረፍ ዕድል ተገኘ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከሌላ አገር ጽሑፍ ተውሰን የራሳችንን ቆላ መተንበይ የለብንም። የሒሳብ ተመራማሪዎቻችን ቢያንስ አንድ የወባ ወቅት ከነፍሳት አጥኚዎች ጋር መስክ ይውጡ፤ ትንኟን በራሳቸው እጅ ከፍተው ይቁጠሩ።