ዶሚኒካና ዐውሎ ነፋስ

የዛሬው ንባብ ስለ ዶሚኒካ ነው። ዶሚኒካ በካሪቢያን ባሕር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዙሪያዋ ውሃ ስለሆነ አደጋ ሲመጣ የሚሸሽበት ሩቅ አገር የለም።

ደሴቲቱ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው ጥቅምት 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላት፣ ነሐሴ 23 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ዴቪድ የተባለ ዐውሎ ነፋስ መታት። ነፋሱ ወደ ባርቤዶስ ደሴት ይሄዳል ተብሎ ነበር። እሱ ግን መንገዱን ለወጠ። ሕዝቡ ሳይዘጋጅ ደረሰበት። ብዙ ሰው ሞተ። ቆርቆሮው በረረ። መተዳደሪያቸው የነበረው ሙዝ ወደመ። ከ75 ሺህ ያህል ሕዝብ 60 ሺህ ያህሉ ያለ መጠለያ ቀረ።

መስከረም 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ማሪያ የተባለ ዐውሎ ነፋስ መጣ። ይህኛው መንገዱን ሳይሆን ጉልበቱን ነው የለወጠው። በአንድ ቀን ውስጥ እጅግ በረታ። አሁንም አብዛኛው ቤት ጣራው ተነቀለ ወይም ተጎዳ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወሬ መስማት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ነፋስ ከወሬ ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ቀድሞ፣ ቤት ሲሠራ ይጀመራል። ነፋስ በክፈፉ ሥር ገብቶ ጣራውን ወደ ላይ ያነሣዋል። በመሆኑም ክፈፉ አጭር ይሁን። ወራጁ ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር። ምስማሩ ይቀራረብ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ተወያዩ፦ የእናንተ ቤት ጣራ በምን ታስሯል?