ፍትሐዊነትን ያማከለ ማስተማር

ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚጻፉ የውጭ ጽሑፎች ውስጥ «ኢኩዊቲ-ማይንድድ ቲቺንግ» የሚል ሐረግ በብዛት ይገኛል። በአማርኛ «ፍትሐዊነትን ያማከለ ማስተማር» ብንለው፣ መምህራኖቻችን ከለመዱት «ተማሪን ያማከለ» ጋር ስለሚቀራረብ ለአፍ አይከብድም። አነጋገሩን በይበልጥ ያስለመዱት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኤስቴላ ቤንሲሞን ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት፣ አንድ ወገን ተማሪዎች በተደጋጋሚ ሲወድቁ መምህሩና ተቋሙ አስቀድመው የራሳቸውን አሠራር መመርመር አለባቸው። የፈተናው አወጣጥ፣ የአሳይመንቱ አጻጻፍ፣ የቢሮ ሰዓቱ ማንን ጠቀመ? ማንንስ ዘነጋ?

በእኛ አገር ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ፍትሐዊነት ሲባል ለረጅም ጊዜ የታሰበው መግቢያው ላይ ያለው ጉዳይ ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ተቆረጠ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተውና ጉብሬ ላይ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ነጥቡን ካላመጡት ለተወሰኑት የቀረላቸው መንገድ የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ነበር። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል፤ በሩ ካልተከፈተ ሌላው ወሬ ነው። ነገር ግን ልጁ ገብቶ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ስለሚሆነው የተጨነቅነው በጣም ጥቂት ነው።

ቡታጅራ አካባቢ ያደገን አንድ ተማሪ እናስብ። አፉን የፈታው በማረቆኛ ነው። ከተማ መጥቶ በአማርኛ ተማረ፤ ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነ። ኮሌጅ ሲገባ አንድ መስመር የሆነ አሳይመንት ይሰጠዋል፤ «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎችን ዲስከስ አድርግ፤ 15 ነጥብ»። «ዲስከስ» ማለት መዘርዘር ነው? ማብራራት ነው? የራስን አካባቢ ምሳሌ ማምጣት ይፈቀዳል? እህቱ ወይም ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰለት ልጅ ደውሎ ይጠይቃል። የቡታጅራው ልጅ ግን ሃንድአውቱን ገልብጦ ያስረክባል፤ ከ15ቱ 6 ያገኛል። ከአያቱ እርሻ በየክረምቱ ስለሚሸረሸረው መሬት ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሊጽፍ ይችል ነበር። ይህ ልጅ ሰነፍ ተባለ ማለት ነው፤ እኔን ይህ ያንገበግበኛል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሜሪ-አን ዊንክልምስ የሚመሩት ፕሮጀክት መምህራን በእያንዳንዱ አሳይመንት ላይ ሦስት ነገር እንዲጽፉ ይመክራል፦ ሥራው ለምን እንደተሰጠ፣ ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚሠራ፣ ነጥቡ በምን እንደሚታረም። አንድ ጥሩ መልስ በናሙናነት ቢያያዝማ የተሻለ ነው። ነጥቡ አልቀነሰም፤ ፈተናው አልቀለለም። የተለወጠው፣ አንዳንዱ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ለሁሉም መነገሩ ነው።

ሌላው የታወቀ ሥራ የሒሳብ ሊቁ የዩሪ ትራይስማን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ከተማሪዎቹ ጋር ውለው አጠኗቸው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብዙ ሰዓት ያጠኑ ነበር፤ ግን ለየብቻቸው። በደንብ የሚያልፉት ቻይናውያን ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርም ነበር። ትራይስማን ከባድ ጥያቄዎች በጋራ የሚፈቱበት ወርክሾፕ አቋቋሙ፤ የተሳታፊዎቹ ውጤትም በጣም ተሻሻለ። የእኛ «1 ለ 5» የተማሪዎች ቡድን ከዚህ ጋር ይመሳሰላል ቢባል አልስማማም። በብዙ ቦታ አንዱ ጽፎ ሌሎቹ ስማቸውን የሚያሰፍሩበት ቡድን ነበርና።

እውነት ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የ225 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ በሌክቸር ብቻ የሚማሩ የሳይንስና የሒሳብ ተማሪዎች እየተሳተፉ ከሚማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው አንድ ተኩል ጊዜ እንደሚበልጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ልዩነቱን መረመረ፤ አሳታፊ ማስተማር በተለምዶ ወደ ኋላ በሚቀሩትና በሌሎቹ ተማሪዎች መካከል ያለውን የማለፍ ልዩነት በ45 በመቶ አጥብቧል። ልዩነቱ የጠበበው ግን የክፍሉ ጊዜ በብዛት ለተሳትፎ በዋለባቸው ኮርሶች ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ ጥያቄ መወርወሩ አልጠቀመም። የዊንክልምስ ማስረጃ በአብዛኛው ተማሪዎች ስለራሳቸው የተናገሩት ነው። ወደ ትራይስማን ወርክሾፕም የመጣው ሁሉ በፈቃዱ የመጣ ነው፤ የመጡት ቀድሞም ብርቱዎቹ ቢሆኑስ? ስለዚህ በጎ ሐሳብ ነው ብለን ብቻ ልንቀበለው አይገባም፤ እዚሁ ይፈተን።

ለእንዲህ ያለ መዝግቦ መከታተል ደግሞ ቡታጅራ ታሪክ አላት። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባቋቋመው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጦ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ለቀቀ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። የለቀቀው ሰው እንኳ ከመዝገብ አልተረሳም። ኮሌጆቻችን የሚያጡት ይህንን ነው። 50 ተማሪ ተመዝግቦ 20ው በዊዝድሮው ወይም በመባረር ቢወጣ፣ ከቀሩት 30 ውስጥ 27 ቢያልፉ «90 በመቶ አለፈ» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ከተመዘገቡት ሲቆጠር 54 በመቶ ነው።

አማካይም እንዲሁ ይሸፍናል። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ያለፉት በጠቅላላው 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ሲከፋፈል ግን ከመንግሥት ተቋማት 62፣ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ ሆነ። በአንድ ክፍል ውስጥም የሴትና የወንድ፣ የገጠርና የከተማ ውጤት ለየብቻው ካልታየ ልዩነት መኖሩም አይታወቅ፣ መጥበቡም አይታወቅ። ሲጠብም፣ ከታች ያሉት ከፍ ብለው እንጂ ከላይ ያሉት ወርደው መሆን የለበትም።

እዚሁ የሚደረገው ጥናት እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንድ ኮርስ፣ ሁለት ሴክሽን፣ ያው መምህር። አንደኛው ሴክሽን በአዲሱ መንገድ ይማራል፤ ሁለተኛው እንደወትሮው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተራው ይደርሰዋል። ሲገቡ የነበራቸው ውጤት ይመዘገባል። ፈተናው አንድ ይሆናል፤ ወረቀቱ በስም ሳይሆን በኮድ፣ በሌላ መምህር ይታረማል። አንድ ሴክሽን ሲከፋፈል ቁጥሩ ያንሳልና የአንድ ሴሚስተር ውጤት ብቻውን አያጠግብም፤ የቡታጅራ ኮሌጆችና ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓይነት ቅጽ መዝግበው የጥቂት ዓመታቱን ቢያዋህዱ ግን ይበቃል። የተማሪዎቹ የቤት ቋንቋም ሲመዘገብ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዛሬ «ቤትህ የምትናገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» ማለት «ብሔርህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ጥያቄው በፈቃደኝነት ይሁን፤ ለምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይነገር፤ መልሱም ኮርሱን ከሚያስተምረው መምህር እጅ አይግባ።