ክረምት፣ አባይ በረሃ እና ዝናብ መጥረጊያ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ደጀንን ያለፈ ሾፌር በሐምሌ ጉም አባይ በረሃን መውረድ ሲጀምር የሚያየው መንገድ መጥረጊያው የገለጠለትን ያህል ብቻ ነው። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ብዙ ይወራል። ስለ ዝናብ መጥረጊያ ግን መስታወቱ ላይ እስኪያፏጭ ድረስ የሚያነሣ የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በሌላ ዓይነት ክረምት ነው። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት ኒውዮርክ ሄዳ ሳለ የትራም ነጂው በረዶ የሸፈነውን መስታወት ለማጽዳት ሲቸገር ታያለች። እ.ኤ.አ. በ1903 ከውስጥ በእጅ ለሚንቀሳቀስ መጥረጊያ የፈጠራ መብት አገኘች። በ1905 ግን አንድ የሞንትሪያል ድርጅት ዕቃው ለንግድ አይሆንም ብሎ መለሰላት። ኋላ መኪናው ሁሉ መጥረጊያ ሲገጠምለት እሷ ሳንቲም አልደረሳትም።

ለጎጃም መንገድ ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ለብዙ ዓመታት የአብዛኞቹ የአሜሪካ ቤንዚን መኪኖች መጥረጊያ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሳይሆን ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል ነበር። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ መጥረጊያው ይከንፋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ኃይሉ ስለሚወድቅ ይዝላል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። ከአባይ ወንዝ እስከ ደጀን ሽቅቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው! እንዲህ ባለ መኪና ያን ዳገት በዝናብ የሚወጣ ሾፌር መንገዱን ለማየት ነዳጅ መልቀቅ፣ ለመውጣት ደግሞ መርገጥ ነበረበት።

የጣሊያን መኪና ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉ ቃላትን ትቶልን ሄዷል። ይህ ዕቃ ግን አማርኛ ስም አገኘ፦ ዝናብ መጥረጊያ። ስሙ ሳያሳስት አልቀረም፤ ባለ መኪናው የሚያስታውሰው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነውና።

ላስቲኩን የሚገድለው ግን በጋው ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የደጋ ፀሐይ ወራቱን ሙሉ ታደርቀዋለች፣ ትሰነጥቀዋለች። በዚያ ላይ አቧራ አለ። አቧራን በደረቁ የሚያስጠርግ ሾፌር መስታወቱን እየሞረደ ነው። ጭረቱ ቀን ብዙም አይታይም፤ ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን መንገዱን ይሰውራል።

ስለዚህ ጥገናው የግንቦት ሥራ ነው። ላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ማጽዳት (ቤንዚንና ናፍጣ ያበላሹታል)፣ ጠርዙን በጣት ዳስሶ ከተሰነጠቀ መቀየር፣ ክንዱን የሚጫነውን ሞላም ማየት። ሞላው ከላላ አዲሱም ላስቲክ ውሃውን በላዩ አልፎት ይሄዳል።

ይህን የማያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን መኪናው የሱ አይደለም። ባለንብረቱ ለጎማ ገንዘብ ያወጣል፤ ያለ ጎማ መኪናው ይቆማላ። ያለ መጥረጊያ ግን ይሄዳል፤ ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረገ።