ሁለተኛው የጤና ምርመራ

በካናዳ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በአሠሪ ቤት እየኖሩ የሚንከባከቡ የውጭ አገር ሠራተኞች ቋሚ ነዋሪነት ያገኙበት የነበረው ፕሮግራም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሠራተኛዋ የ2 ዓመት አገልግሎቷን ስትፈጽም ማመልከት ትችል ነበር፤ ሆኖም ወደ አገሪቱ ከመግባቷ በፊት ያለፈችውን የጤና ምርመራ እንድትደግም ትገደድ ነበር።

የዚህን ደንብ ጉዳት አደባባይ ያወጣው የፊሊፒናዊቷ የሁዋና ቴሃዳ ታሪክ ነው። በ2003 የመጀመሪያውን ምርመራ አልፋ ገባች፤ ግዴታዋን ከፈጸመች በኋላ በ2006 የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። ሕመሟ በሕዝብ የጤና አገልግሎት ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና ያስከትላል በሚል ማመልከቻዋ ውድቅ ተደረገ። በብዙዎች አቤቱታ በ2008 ቋሚ ነዋሪነት ቢፈቀድላትም፣ በተከታዩ ዓመት ዐረፈች። ሁለተኛው ምርመራ በ2010 የቀረ ሲሆን፣ ማሻሻያው በስሟ ይጠራል። ፕሮግራሙም በ2014 ለአዲስ አመልካቾች ተዘጋ።

የሐኪም ግኝት የሕክምና መነሻ መሆኑ ቀርቶ የመባረር ምክንያት ሲሆን፣ ሕመምተኛው ሕመሙን ለመሸሸግ ይገደዳል። የዚህን ዋጋ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ታማሚ ከሚቀበለው የጤና ባለሙያ በላይ የሚያውቀው የለም።