አዲስ ተጫዋቾችን ማዋረድ (በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች)

ነባር ተጫዋቾች አዲስ ገቢውን «የቡድኑ አባል ለመሆን» በሚል ሰበብ የሚያዋርዱበት፣ የሚደበድቡበት፣ አንዳንዴም ወሲባዊ ጥቃት የሚያደርሱበት ልማድ ነው። ልጁ እሺ ማለቱ ጥፋቱን አያቀልለውም፤ ከጓደኞቹ መገለልን የሚፈራ ታዳጊ እምቢ ለማለት አቅም የለውምና። በብዛት የሚፈጸመው የአሰልጣኝ ዓይን በማይደርስበት መልበሻ ክፍልና የልምምድ ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኒው ዮርኩ ሜፋም ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በፔንሲልቬንያ የልምምድ ካምፕ በዕድሜ በሚያንሷቸው የቡድን ጓደኞቻቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት አደረሱ፤ የቡድኑ የዓመቱ ውድድር ተሰረዘ። በ2014 በኒው ጀርሲው ሴየርቪል ትምህርት ቤትም በተመሳሳይ ጥቃት ሳቢያ የፉትቦል ቡድኑ ውድድር ተቋረጠ፣ ሰባት ተጫዋቾች ተከሰሱ። ውድድሩን የማቋረጡን ውሳኔ በአደባባይ የተቃወሙ ወላጆች ግን ነበሩ፤ ተጎጂ ለምን አፉን እንደሚይዝ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ድርጊቱን በሕግ ይከለክላሉ።